ከራውተሩ ወዲህ፣ ከራውተሩ ወዲያ

ተጠራጣሪው፦ ላፕቶፕ ታቅፈህ ግቢውን ስትዞር አየሁህና ገረመኝ። አዳሚ ቱሉ ላይ ኔትወርክ ደካማ መሆኑን ለማወቅ መዞር ያስፈልጋል እንዴ? ከባቱ ተነሥተህ አስፋልቱን ይዘህ እስከ ቡልቡላ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ጠይቅ፤ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥሃል።

ባለሙያው፦ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ስለሚሰጠኝ እኮ ነው የምዞረው፣ ጋሼ። ተከራይዎ «ዋይፋዩ አይስብም» አለችኝ። እሺ፣ የቱ ነው የማይስበው? ከታወሩ እስከ ራውተሩ አንድ መንገድ አለ፤ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ደግሞ ሌላ። ሁለቱም በአየር ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ሊደክሙ ይችላሉ። የደከመውን ሳንለይ ማንን እንወቅሳለን?

ተጠራጣሪው፦ ለልጅቷ ምን ልዩነት ያመጣላታል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ደስ ብሏት ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ቪዲዮው ግን መሐል ላይ ይቆምና ያቺ ክብ ስትሽከረከር ታመሻለች። መንገዱ አንድም ይሁን ሁለት፣ እሷ የምታየው ክቧን ነው።

ባለሙያው፦ የምታየው አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ይለያያል። ስለዚህ በቅድሚያ ሁለት ነገር ሞከርኩ። እሷ የምትቀመጥበት ሰርቪስ ቤት ሄጄ ስልኬን ከላፕቶፗ ጎን አስቀመጥኩ። ስልኩ ደህና ይዞ ላፕቶፑ ብቻ ቢደክም ኖሮ ጥርጣሬዬ በላፕቶፑ ላይ ይሆን ነበር። ሁለቱም ደከሙ፤ ላፕቶፑ ግን ባሰበት። ቀጥሎ ፒንግ የሚባል፣ መልስ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ላክሁ፤ ለሩቅ ድረ ገጽ ሳይሆን ለራውተሩ ለራሱ። 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሳሎን ሆኜ ስልከው መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመጣል። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ግን አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ያ መልእክት ከግቢው አልወጣም፤ ታወር የሚባል ነገር አላየም። እንግዲህ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ቸኮልክ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ፣ ራውተሩ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ዜና መክፈት ያቅተኛል። ፒንግህ ስለዚህ ምን ይላል?

ባለሙያው፦ እሱ ደግሞ ከራውተሩ ወዲያ ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ከታወሩ የሚቀበለውን ሲግናል አይቻለሁ፤ አይከፋም። ነገር ግን ሲግናል መኖሩና ድርሻ ማግኘቱ ይለያያሉ። ታወሩ በአንድ አቅጣጫ ያለውን አቅም በዚያ በኩል ላሉት ሁሉ ያካፍላል። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ምልክቱ ሙሉ እያሳየ ቪዲዮው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ራስህ መሰከርክ! ሁለቱም ታመዋል። ወዲህኛውን ብታክመው ወዲያኛው ማታ ማታ ያው ነው። ልጅቷ ደግሞ ቀን ሥራ ውላ የምትማረው ማታ ነው።

ባለሙያው፦ ያው አይሆንም፤ አሁን እኮ አንዱ ሌላውን እያባሰው ነው። ከታወሩ በጭንቅ የደረሰውን ዳታ ሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንጥለዋለን። በኢንተርኔት ላይ ዳታ የሚያመላልሰው ሥርዓት ደግሞ መልእክት ሲጠፋበት መንገዱ የተጨናነቀ ይመስለውና በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከራውተሩ ወዲህ የጠፋው ከወዲያ የመጣውንም ያዘገየዋል ማለት ነው። ከሚደርሰን ጥቂት ላይ እኛው ራሳችን ባንቀንስስ?

ተጠራጣሪው፦ ይሁን። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤት ስንት ርምጃ ነው? ሃያ አይሞላም። ስልኬ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ታወር እየሳበ ይህ ሳጥን ሃያ ርምጃ አቃተው?

ባለሙያው፦ ታወሩ ከፍታም ኃይልም አለው። የቤት ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚያወጣው 0.1 ዋት ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ሃያ ርምጃ አይከብደውም ነበር፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ይቻላል። እዚህ ያቃተው ርቀቱን ሳይሆን መሐል ላይ ያለውን ነገር ነው። የት አስቀምጣችሁታል?

ተጠራጣሪው፦ ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርጋችን ብርጭቆዎች ጎን። አቧራ እንዳይገባበት ባለቤቴ በሩን ትዘጋበታለች። ጌጥም ነው፤ መብራቶቹ ያምራሉ።

ባለሙያው፦ የቡፌው ጀርባ መስተዋት ነው። መስተዋት ከኋላው ስስ የብረት ቅብ አለው፤ ብረት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም። እና ሰርቪስ ቤቱ ያለው በዚያው በመስተዋቱ በኩል ነው። ከመስተዋቱ ቀጥሎ የብሎኬት ግድግዳ አለ፤ እሱ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ከዚያ የጓሮው ላሜራ በር፣ ከዚያ የሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የራሱ ላሜራ በር። ማታ በሩን ዘግታ ስትቀመጥ ሞገዱ የሚገባው በትንሿ መስኮትና በክፍተቱ በኩል ብቻ ነው። በር ከፍቼና ዘግቼ ለካሁት፤ ልዩነቱ ይታያል።

ተጠራጣሪው፦ «ለካሁት» ትላለህ። ላፕቶፑ እኮ ሲዘጋም 40 በመቶ ያሳያል። 40 በመቶ ደካማ ነው፣ ግን ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በግማሽ ጉልበት ሥራ ይሠራል።

ባለሙያው፦ ያ ቁጥር ነው ሰውን የሚያታልለው። ሲግናል የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። በየ3ቱ ዝቅታ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በየ10ሩ ዝቅታ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ዊንዶውስ 100 በመቶ የሚለው −50 ወይም የተሻለ ሲሆን ነው፤ 40 በመቶ ሲል −80 ማለቱ ነው። በመሐላቸው 30 አለ። ስለዚህ 40 በመቶው የመቶውን ግማሽ ሊሆን የቀረበ ሳይሆን አንድ ሺኛው ነው። ለቪዲዮ ጥሪ −67 አካባቢ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ በ−80 ግንኙነቱ አለ ለማለት ያህል ነው።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ቡፌውን ልሽጥ? ቆርቆሮውን ልንቀል? እዚህ አገር ቤት የሚሠራው በብሎኬት፣ በላሜራና በቆርቆሮ ነው። ሌላው ዓለም በእንጨትና በጂፕሰም ከፍሎ በሚኖርበት ቤት የሚሠራ ዕቃ አምጥተው ሸጡልን፤ ካልሠራ ቤታችንን ጥፋተኛ አደረጋችሁት። ከዕቃውና ከቤቱ ማን ነበር ለማን መስማማት የነበረበት?

ባለሙያው፦ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ሳጥን ለአንድ ግቢ ሁሉ ይበቃል ተብሎ ሲሸጥ ግቢያችንን ያየው የለም። ግን መፍትሔው ቆርቆሮ መንቀል አይደለም። ራውተሩን ከቡፌው አውጥተን በጓሮው በኩል ባለው መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርገን እናስቀምጠው። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ተጠራጣሪው፦ ጓሮው ደግሞ ለአስፋልቱ ጀርባውን የሰጠ ነው። ሲሙን ስናስገባ ታወሩ በአስፋልቱ በኩል ነው ብለውን ነበር። ለልጅቷ ስታቀርበው ከታወሩ ታርቀዋለህ። ከወዲህ የምትጨምረውን ከወዲያ ትቀንሳለህ።

ባለሙያው፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ሲም የሚወስድ ራውተር ላይ ይህ ጭንቀት እውነተኛ ነው። በኬብል የሚመጣ መስመር ቢሆን ራውተሩን የቤቱ መሐል ላይ ማኖር ነበር። በሲም የሚሠራው ግን በሁለት ጌቶች መካከል ነው። ስለዚህ በግምት አናደርገውም። በሦስት መስኮቶች ላይ እናስቀምጠዋለን፤ በእያንዳንዱ ላይ ከታወሩ የሚቀበለውን በራውተሩ ገጽ፣ ልጅቷ ጋ የሚደርሰውን በላፕቶፑ እናያለን። ከታወሩ በኩል ትንሽ ብንከስርና በእሷ በኩል ሃያ ዲቢ ብናገኝ ትርፍ ነው፤ ሃያ ዲቢ መቶ እጥፍ ነው። ተቃራኒው ከሆነ እንመልሰዋለን።

ተጠራጣሪው፦ የልጄ ጓደኛ ደግሞ አዳማ ነው የሚኖረው፤ «ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩት፣ ይፈጥናል» አለ። አንተ ስለ መስኮት ታወራለህ።

ባለሙያው፦ አዳማ ላይ፣ በአንድ ፎቅ ሠላሳ ራውተር በሚጮህበት ቦታ፣ ምክሩ ትክክል ነው። 2.4 ጠባብ ነው፤ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ጎረቤት 3 ላይ ቢቀመጥ 1ንም 6ንም ያውካል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ብዙ ቦታ አለው፣ ይፈጥናል፤ ግን ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። እዚህ ዙሪያችን ያለው ራውተር በጣት የሚቆጠር ነው፤ ችግራችን ጩኸት ሳይሆን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሰርቪስ ቤቱ 2.4 ላይ፣ ሳሎን 5 ላይ ይሁን። የከተማን መድኃኒት ሳይለኩ ማምጣት ራሱ በሽታ ይጨምራል።

ተጠራጣሪው፦ ሁሉም እንደዚህ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያወራው። አንዱ ላፕቶፕ ሠሪ ጋ ወስዳው ነበር፤ ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» አላት። ፎርማት ተደረገ፤ ፎቶዎቿ ጠፉ፤ ዋይፋዩ ያው። ሌላው ኤክስቴንደር ግዙ አለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የሙያው ሰዎች እርስ በርሳችሁ ካልተስማማችሁ እኛ በምን እንለያችሁ?

ባለሙያው፦ በአንድ ጥያቄ ይለዩን፦ «ይህን ከማድረግህ በፊት ምን አየህ?» ይበሉ። መልስ የሌለው ሰው ገንዘብዎን ይዞ ዕድል እየሞከረ ነው። ኤክስቴንደርም ቢሆን ጥሩ ሲግናል ባለበት ቦታ ካልተቀመጠ የደከመውን ተቀብሎ የደከመውን ያስተላልፋል። ላፕቶፗን በተመለከተ ግን ፎርማት ራሱ አንድ ነገር አበላሽቷል። ዊንዶውስ ሲጫን የዋይፋይ ካርዱን በራሱ ባገኘው ድራይቨር አስነሣው፤ የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ያወጣው ሌላ ነው። ባትሪ ላይ ስትሆን ደግሞ ኃይል ቆጣቢው ካርዱን ያስተኛዋል። ሁለቱንም አስተካክያለሁ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ተጠራጣሪው፦ ተስተካከለ ማለት ነዋ?

ባለሙያው፦ በከፊል። ስልኩ ከያዘው አሁንም ያንሳል። ስለዚህ ጠየቅኋት፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የገዛችው፣ ስክሪኑ ከዚያ በፊት ተቀይሯል። የላፕቶፕ አንቴና በብዛት ያለው በስክሪኑ ዙሪያ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማጠፊያው በኩል ወርደው ካርዱ ላይ በጣም ትንሽ በሆነች ቁልፍ ይያያዛሉ። ስክሪን ሲቀየር ወይም ማጠፊያ ሲጠገን አንዱ ይረሳል ወይም ይቆነጠጣል። ሁለቱም ቢነቀሉ ዋይፋዩ ከነጭራሹ ሊጠፋ ይደርስና ሰው ይነቃል። አንዱ ብቻ ሲነቀል አይሞትም፤ ይደክማል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም፣ «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከፈትኩት፤ አንዱ ሽቦ ወልቆ ተንጠልጥሎ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ እና ይህን ሁሉ ጊዜ ታወሩን እንረግም ነበር?

ባለሙያው፦ ታወሩም የሚረገምበት ሰዓት አለው ብለናል። ሌላም አለ፤ ቪዲዮ የምታስቀምጥበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። እንዲህ ያለው ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ የሬዲዮ ረብሻ ይረጫል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን በጽሑፍ አውጥቶታል። ሃርድ ዲስኩን ከስክሪኑ ጎን ሰክታ ዋይፋይ ትፈልጋለች። ረዘም ባለ ገመድ ራቅ ብታደርገው ይበቃል።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ እስካሁን የነገርከኝ በሙሉ ዕቃ ነው። ዕቃ ይስተካከላል። አሁን የምፈራውን ልንገርህ። በመጨረሻ «ፓስወርዱን ቀይሩ» ትላለህ። ባለሙያ ሁሉ መዝጊያው ያ ነው። ከአጥር ማዶ ያሉት ልጆች በዚህ ዋይፋይ ነው የሚያጠኑት። እናታቸው ቡና ስታፈላ ትጠራናለች፤ ስንታመም የምትደርስልን እሷ ናት። ቁልፍ ቀይሬ በሯን ላንኳኳ?

ባለሙያው፦ ፓስወርድ ቀይሩ አላልኩም። ግን እንዲያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዋይፋይ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ተራ እየጠበቀ ነው የሚናገረው። ሩቅ ያለው ሲግናሉ ስለሚደክም ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ሲናገር ተራውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ግሬኖብል የነበሩ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ዋይፋይ ላይ ይህን አሳይተዋል፦ አንዱ በ1 ሜጋቢት ሲናገር በ11 ሜጋቢት የሚናገሩት ሁሉ ወደ እሱ ፍጥነት ይወርዳሉ። አዳዲስ ራውተሮች ይህን ለማመጣጠን ይሞክራሉ፤ ርካሾቹ ላይ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። ከአጥር ማዶ ያለው አንድ ስልክ ዳታ ስለሚያወርድ ብቻ ሳይሆን ሲግናሉ ስለደከመ ነው ልጅቷን የሚጎዳት።

ተጠራጣሪው፦ ይኸው! በጨዋ ቋንቋ «ድሃውን ጎረቤት አስወጣ» አልከኝ። ሩቁ ሰው ጥፋተኛ ሆነ። ሩቅ የሆነውም እኮ ራሱ መግዛት ስላልቻለ ነው።

ባለሙያው፦ በተቃራኒው ነው፣ ጋሼ። ካስወጣናቸው ችግሩ ከዓይናችን ይርቃል እንጂ አልተፈታም። የሚጎዳው ልጆቹ መጠቀማቸው ሳይሆን በደካማ ሲግናል መጠቀማቸው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲግናሉን ማቅረብ ነው። የጓሮው መስኮት ለሰርቪስ ቤቱም ለአጥሩም ይቀርባል። ልጆቹ ከቤታቸው ኋላ ሳይሆን በአጥሩ በኩል ባለው ክፍል ቢያጠኑ እነሱም ይፈጥናሉ፣ ልጅቷም ትተነፍሳለች። መካፈል ያለበትን ሰው ርቆ እንዲካፈል ማድረግ ነው ሁሉንም የሚያከስረው።

ተጠራጣሪው፦ ይህን ወድጄዋለሁ። ግን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ እስካሁን እየሸሸኸው ነው። አንተ የምታደርገው ሁሉ ጥፋቱን ወደ ቤቴ ማምጣት ነው። መስተዋቱ የኔ፣ በሩ የኔ፣ ሽቦው የልጅቷ። የሸጠልን ወገን ስንደውል የሚለንም ያንኑ ነው፦ «አጥፍታችሁ አብሩት፣ ቦታ ቀይሩ፣ ስልካችሁ ይሆናል።» አንተ ሳታውቀው የእነሱ ጠበቃ ሆንክ። ገንዘብ የምንከፍለው እኛ፣ የምንመረምረው እኛ፣ የምንወቀሰው እኛ!

ባለሙያው፦ ይህ ከባድ ነው። አዎ፣ «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለው መልስ ደንበኛን ለማድከም ያገለግላል። ግን ለምን ይሠራል? ደዋዩ የቱ ጋ እንደተበላሸ ስለማያውቅ ነው። «ለራውተሩ ፒንግ ልኬ በ3 ሚሊሰከንድ ይመልሳል፤ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቼም ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ያው ይዘገያል፤ የታወሩ ሲግናል ይህን ያህል ነው» ብለው ቢደውሉ፣ ቦታ ቀይሩ የሚለው መልስ አፋቸው ላይ ይደርቃል። ኬብሉ ዋይፋይ የሚባለውን ነገር በሙሉ ከመሐል ያወጣዋል። ቤትዎን የመረመሩት ራስዎን ለመውቀስ ሳይሆን ሰበብ ለማሳጣት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ማን ጋ ነው የሚደርቀው? ስልኩን የሚያነሣው ልጅ ከፊቱ የተጻፈለትን ነው የሚያነብበው። ያንተን ሚሊሰከንድ የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

ባለሙያው፦ እሱ ካልጻፈ ከእሱ በላይ አለ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ቴሌኮምን ለመቆጣጠር ነው፤ የደንበኞችን መብትም ይመለከታል። ደንበኛ መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ያመለክታል፤ ካልተፈታ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ «አይስብም» ከሚል ሰውና ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር ከያዘ ሰው ማን ይደመጣል? ደግሞም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አማራጭ ባለበት አካባቢ፣ ራውተሩ ካልተቆለፈ ሌላ ሲም አስገብቶ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ማነጻጸር ይቻላል።

ተጠራጣሪው፦ ሁለተኛ ሲም ሁለተኛ ክፍያ ነው። አቤቱታም አዲስ አበባ ድረስ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አሉቶን ታውቀዋለህ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ አሉቶ ላንጋኖ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተብሎ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ቅርብ ነው። ቅርብ ስለሆነ ግን የእኛ መብራት ከሌላው አይለይም፤ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ራውተርህም አብሮ ይጠፋል። ከምንጩ ጎን መኖር ድርሻ አያስገኝም። አንተ ደግሞ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለውን አስተካክለህ ድርሻ እንዳገኘን ታስመስላለህ። እኔ የምፈራው ሰው በራሱ ግቢ ሥራ ተጠምዶ የሚገባውን መጠየቅ እንዳይተው ነው።

ባለሙያው፦ እኔ ደግሞ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ሰው የሚገባውን እስኪያገኝ በእጁ ያለውን እንዳይጥል። ያ ሽቦ ወልቆ የነበረው ታወሩ ስለደከመ አይደለም። አዲስ ታወር በጓሯችን ቢተክሉ እንኳ፣ ፋይበር ቢያስገቡ እንኳ፣ መስተዋቱና ሽቦው እዚያው ነበሩ። ያኔም «ይኸው፣ ፋይበሩም አይረባም» እንል ነበር። ወዲያ ያለው ቢስተካከል እንኳ መስተካከሉን የምናውቀው ወዲህኛው ጤነኛ ሲሆን ነው።

ተጠራጣሪው፦ መልስህ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ያንተ መንገድ የሚጠቅመው እንዳንተ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ላለ ነው። አዳሚ ቱሉ ላይ ስንቱ ላፕቶፕ ከፍቶ ሽቦ ይፈልጋል? ላልቻለው ሁሉ «መጀመሪያ ቤትህን መርምር» ማለት «ዝም በል» ማለት ነው። ባለሙያ የሌለው ሰው አቤቱታ ያለ ማስረጃም መደመጥ አለበት። የሸጠው ወገን ነው መርማሪ መላክ ያለበት።

ባለሙያው፦ መላክ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ስልክን ከላፕቶፕ ጎን ማስቀመጥ፣ በሩን ከፍቶ ማየት፣ ራውተሩን ከቡፌ ማውጣት፣ ይህ ባለሙያ አይፈልግም። ሦስቱን ያደረገ ሰው ግማሹን መልስ አግኝቷል። መርማሪ እስኪመጣ ልጅቷ ሥልጠናውን ትጨርስ።

ተጠራጣሪው፦ እሷ ትጨርስ። ክፍያችን ግን ለሃያ ርምጃ ሳይሆን ለሙሉው መንገድ ነው፤ ይህን ደግሞ አንተ አትርሳ። በል ራውተሩን አውጣው፤ ባለቤቴን እኔ አስረዳለሁ። ነገር ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሰህ መጥተህ ከልጅቷ ጎን ትቀመጣለህ። ቪዲዮው ከቆመ ምን ልትል ነው?

ባለሙያው፦ መጀመሪያ ለራውተሩ ፒንግ እልካለሁ። በፍጥነት ከመለሰ እርስዎ አሸነፉ፤ አቤቱታውን ራሴ እጽፍልዎታለሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሬ። ካልመለሰ ግን ገና የምንጨርሰው ሥራ በዚህ ግቢ ውስጥ አለ።

ተጠራጣሪው፦ አንድ ማታ አይበቃም። ሳምንቱን ሙሉ ጻፍ፤ እሑድንም ጨምር። ስትጽፍም ከራውተሩ ወዲህ ያለውን ብቻ እንዳትጽፍ።